ነጎድጓድ፣ በረዶና ሐሩር በፈረስ ትርኢት ሜዳ፦ ለአዘጋጆችና ለፈረሰኞች የአሠራር መመሪያ

ጉግስም ይሁን ሽምጥ ግልቢያ፣ ፈረሱ በጌጡ አምሮ ሜዳ ሲወጣ የሁሉም ዓይን ሜዳው ላይ ነው። ሰማዩን የሚያይ ሰው ካልተመደበ ማንም አያየውም። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ብዙ ፈረስና ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበትን በዓል ለሚያዘጋጁ ኮሚቴዎች፣ እንዲሁም ፈረሳቸውን ይዘው ለሚመጡ ባለቤቶች ነው። ሰፋ ያለው ክፍል ስለ መብረቅና ስለ ሐሩር ነው፤ ሰውንም ፈረስንም በብዛት የሚጎዱት እነዚህ ሁለቱ ናቸውና።

ቀኑና ሰዓቱ

አደጋው እንደ ወሩ ይለያያል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በእንጅባራ በዓሉን የሚያከብረው ጥር 23 ነው፤ በጋ በመሆኑ ዋናው ፈተና የቀኑ ፀሐይ፣ አቧራውና የሌሊቱ ብርድ ነው። የጥምቀት ጉግስም እንደዚሁ። በመስቀል ሰሞን ግን ክረምቱ ጨርሶ አልወጣም፤ ጠዋት የጠራ ሰማይ ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ደግሞ በልግ በሚያገኙ ደጋዎች በረዶና መብረቅ ሳይታሰብ ይመጣል።

በደጋው አገር ነጎድጓዱ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፣ የሞቀው እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይቆለላል። ስለዚህ ግልቢያውን በሙሉ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ጨርሱ። ንግግሩ፣ ሽልማቱና ምሳው ከዚያ በኋላ ይምጣ። በብዙ ቦታ የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው፦ ንግግሩ ጠዋቱን ይበላውና ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖ ሦስት አራት ሰዓት ፀሐይ ላይ ከቆመ በኋላ፣ ደመናው ሲሰበሰብ ግልቢያው ይጀመራል። መርሐ ግብሩን መገልበጥ ምንም ወጪ የለውም፤ ከሌላው ዝግጅት ሁሉ የበለጠ የሚጠቅመውም እሱ ነው።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ትንበያ ከሦስት ቀን በፊት ጀምራችሁ በየቀኑ ተከታተሉ። ትንበያው የሚናገረው ስለ ሰፊ አካባቢ እንጂ ስለ እናንተ ሜዳ ብቻ ስላልሆነ፣ ዝናብ ዘወትር በሚመጣበት አቅጣጫ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚኖሩ ሁለት ሰዎችን ስልክ ያዙ። «እኛ ጋ ጀምሯል» የሚል አንድ ጥሪ ብዙ ደቂቃ ያስገኝላችኋል።

ሜዳው ባዶ የሚሆነው በስንት ደቂቃ ነው?

ይህን ጥያቄ በቁጥር መመለስ ያልቻለ ኮሚቴ ዝግጅቱን አልጨረሰም። በዋዜማው እንዲህ አድርጋችሁ ለኩ፦

1. ከሜዳው በጣም ሩቅ ከሆነው ጫፍ ተነስታችሁ መጠለያ እስከሚሆነው ቤት ወይም መኪና ድረስ አንድ አዛውንትና አንድ ልጅ ይዛችሁ በእርምጃ ሂዱ። የፈጀውን ደቂቃ ጻፉ።
2. በበዓሉ ቀን መንገዱ በሕዝብ ስለሚጨናነቅ ያንን ቁጥር በሁለት አባዙ።
3. ፈረስን ከሜዳ አውጥቶ ለማሰር የሚፈጀውን ለብቻው ለኩ።

ነጎድጓድ ያዘለ ደመና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 10 ኪሎ ሜትሩን የሚጨርሰው በ15 ደቂቃ ነው። ሜዳችሁ ባዶ የሚሆነው በ25 ደቂቃ ከሆነ፣ ደመናው 10 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ማስቆም ዘግይቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ የመጀመሪያው ነጎድጓድ በሩቁ ሲሰማ፣ ወይም ግንብ የሚመስል ጥቁር ደመና ወደ እናንተ ሲያዘነብል ማስቆም ግድ ነው።

መጠለያውንም ቁጠሩ። የመብራት መስመርና የውኃ ቧንቧ ያለው የግንብ ቤት ጥሩ ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሊሆን ይችላል። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ከዋዜማው ጀምሮ እወቁ። ጣሪያውና ጎኑ ብረት የሆነ፣ መስኮቱ የተዘጋ አውቶቡስ፣ ሚኒባስ ወይም የቤት መኪናም ያድናል። ባጃጅ፣ ክፍት የአይሱዙ ጭነት፣ ድንኳን፣ ዳስና የሸራ ጥላ መጠለያ አይደሉም። የእንግዶች ድንኳን በብረት ምሰሶ የቆመ ከሆነ እንዲያውም ከሜዳው አይሻልም።

ሕዝቡ የሚወጣበትና ፈረሱ የሚወጣበት መንገድ አይገናኙ። የፈረሱን መንገድ 6 ሜትር ያህል ስፋት ሰጥታችሁ በገመድ ከልሉት።

ማን ያስቆማል

አንድ የሜዳ አዛዥና አንድ ምክትል ሰይሙ፤ ስማቸውም በቃለ ጉባኤ ይስፈር። በዕለቱ የሚወዳደር ፈረስ ያለው ሰው አይሁን፤ በእንግዶች ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥም አይሁን። «እንግዳው ንግግር ላይ ናቸው» የሚለው ይሉኝታ ማስቆምን በአሥር ደቂቃ ሊያዘገየው ይችላል። ስለዚህ አዛዡ ማንንም ሳያስፈቅድ እንደሚያስቆም ለክብር እንግዶች ጭምር አስቀድማችሁ ንገሩ።

አዛዡ ከድምፅ ማጉያውና ከከበሮው ቢያንስ 200 ሜትር ርቆ፣ ሰማዩ በሚታይበት ቦታ አንድ ታዛቢ ያቁም። በጭፈራ መሃል የሩቅ ነጎድጓድ አይሰማም።

ምልክቱ ቀላል ይሁን፦ ሦስት ረጃጅም የጡሩምባ ድምፆችና ከፍ ብሎ የሚውለበለብ ቀይ ጨርቅ። ጠዋት ፈረሰኞቹን ሰብስባችሁ አንድ ጊዜ አሰሟቸው። የጥይት ተኩስ ምልክት አይሁን። ሕዝቡ የደስታ ተኩስ ይመስለዋል፣ ፈረሱ ደግሞ ይበረግጋል። ከምልክቱ በኋላ ማንም እየጋለበ አይወጣም፤ ሁሉም ከፈረሱ ወርዶ እየሳበ ይወጣል።

መብረቅ

ብልጭታውን ስታዩ ቁጠሩ፤ ድምፁ ሲደርስ አቁሙ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ 30 ሰከንድ ማለት 10 ኪሎ ሜትር ነው። መብረቅ ከዝናቡ ቀድሞ ይህን ያህል ርቆ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ «እኛ ጋ ገና አልዘነበም» ማለት ዋስትና አይሆንም። ከ30 ሰከንድ በታች ሲሆን ሁሉም ሰው መጠለያ ውስጥ መሆን አለበት። ወደ ሜዳ መመለስ የሚፈቀደው የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሲያልፍ ብቻ ነው፤ በመሃል አንድ ጊዜ ከተሰማ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ዝናቡ ሲያባራ ሰው መውጣት ይጀምራልና የበር ጠባቂዎች የሚያስፈልጉት በዚህ ሰዓት ነው።

ሜዳ ላይ ፈረስ የተቀመጠ ሰው ከአካባቢው ሁሉ ከፍ ብሎ ይታያል፤ የመጀመሪያው ሥራው መውረድ ነው። ጦር፣ ዘንግ፣ የሰንደቅ ዓላማ እንጨት፣ የተዘረጋ ጃንጥላ፣ ሁሉም መሬት ላይ ይጋደሙ። አደገኛ የሚያደርጋቸው ቁመታቸው ነው። በፈረሱ ግንባርና ደረት ላይ ያለው የብርና የነሐስ ጌጥ መብረቅ አይጠራም፤ እሱን ለማውለቅ ጊዜ አታጥፉ። ሞባይልም መብረቅ አይስብም፤ ለመደዋወል ተጠቀሙበት። ገመድ ያለው ማይክራፎን ግን ከእጅ ይውረድ፤ በመስመሩ ላይ የሚመጣው ኃይል ተናጋሪውን ይደርሰዋል። ማስታወቂያው በባትሪ በሚሠራ የእጅ ድምፅ ማጉያ ይቀጥል።

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥድ ሥር፣ በሜዳው ዳር ዋርካ ወይም ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል በጣም አደገኛ ነው። መብረቁ ዛፉን መትቶ ወደ ሰው ወይም ወደ ፈረስ ይዘላል፤ የቀረው በሥሩ በኩል መሬት ውስጥ ይሠራጫል። ፈረስና ከብት በዚህ መንገድ በብዛት የሚሞቱት የፊትና የኋላ እግራቸው ስለሚራራቅ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የኃይል ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ገብቶ በደረታቸው በኩል ያልፋል። ተጠጋግተው የቆሙ ብዙ እንስሳት በአንድ ምት የሚወድቁትም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ፈረሶቹን እንዲህ አድርጉ፦

1. ውረዱ፣ ዛቡን በፈረሱ ራስ ላይ አሳልፋችሁ በእጃችሁ ያዙ፣ የሆድ ማሰሪያውን አንድ ቀዳዳ አላሉት።
2. ከዛፍ፣ ከሽቦ አጥርና ከኮረብታ ጫፍ ርቃችሁ ዝቅ ወዳለው ቦታ ሳቡት። የሽቦ አጥር በሩቅ የወረደ መብረቅ እንኳ ተሸክሞ ሊያመጣ ይችላል።
3. ከዋዜማው በተተከሉ አጫጭር የእንጨት ችካሎች ላይ አንዱን ከሌላው 10 ሜትር አራርቃችሁ እሰሩ። ቋጠሮው በአንድ ስበት የሚፈታ ይሁን።
4. እናንተ ወደ መጠለያው ሂዱ። ፈረስን መውደድ ሌላ ነው፤ አብሮት ሜዳ ላይ መቆም ግን እሱንም አያድነውም።

ፈርቶ የማይያዝ ሆኖ ሰው ሊረግጥ ከሆነ፣ ሜዳው ከአስፋልት የራቀ እስከሆነ ድረስ ልጓሙን አውልቃችሁ ልቀቁት። ዛቡን እየጎተተ የሚሮጥ ፈረስ ረግጦት ይወድቃል፣ እግሩንም ይሰብራል። ገመዱን በእጅ ወይም በወገብ ላይ መጠምጠም ደግሞ በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

መጠለያ ለመድረስ ያልቻለ ሰው ከሌላው 10 ሜትር ያህል ተራርቆ፣ ሁለት እግሩን ገጥሞ ቁጢጥ ይበል። አይተኛ። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ መጠለያ አይተካም።

በመብረቅ የተመታ ሰው ሰውነቱ ላይ የቀረ ኤሌክትሪክ ስለማይኖር መንካት አያስፈራም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ከወደቀ፣ የሚጮኸውንና የሚያቃስተውን ትታችሁ መጀመሪያ ትንፋሽ ወደሌለው ሂዱ፤ ሊድን የሚችለው በአፋጣኝ ከተረዳ ነውና። አንዱ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውል። ሌላው በደረቱ መካከል በሁለት እጁ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን። የሠለጠነ ሰው ካለ ከ30 ጭነት በኋላ 2 ትንፋሽ ይስጥ፤ መብረቅ ልብ እንደገና ከተነሣ በኋላም አተነፋፈስን ሊያቆም ስለሚችል ትንፋሹ እዚህ ላይ ትልቅ ዋጋ አለው። ነጎድጓዱ ካልቆመ ተመቺውን በተቻለ ፍጥነት ወደ መጠለያ ውሰዱትና እዚያው ቀጥሉ።

በረዶ፣ ነፋስና ጭቃ

የበረዶ ውርጅብኝ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ያልፋል። ፈረስ በተፈጥሮው ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ፊቱን አዙራችሁ አትያዙት። ኮርቻው ካለ ከላዩ ይቆይ፤ ጀርባውንና ኩላሊቱን ይከልልለታል። የሰው ራስ የሚከለለው በእጅ፣ በጋቢ እጥፍ ወይም በወንበር ነው።

ስለ ነፋስ ዛፉን እዩ። ትላልቅ ቅርንጫፎች መወዛወዝ ሲጀምሩ ነፋሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ደርሷልና ድንኳኑን ባዶ አድርጉ። ካስማው ከድንኳኑ ወደ ውጭ አዘንብሎ ይተከል። በረጠበ ዋልካ አፈር ላይ አጭር ካስማ እንደ ቢላ ስለሚወጣ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ተጠቀሙ፣ ወይም በአንድ ገመድ ላይ ሁለት ትከሉ። የላላ ሸራ፣ የሚበር ፌስታልና የሚንከባለል የፕላስቲክ ወንበር ነፋሱ ራሱ የማያስበረግገውን ፈረስ ያስበረግጋሉና ጠዋት ይሰብሰቡ።

ጭቃው እንደ አፈሩ ነው። ዋልካ እግር ይይዛል፤ ፈረሱ በግልቢያ ላይ እያለ እግሩ ቢያዝ ጅማቱ ይበጠሳል። ቀይ አፈር ደግሞ ላዩ ረጥቦ ሥሩ ደረቅ ሲሆን ያንሸራትታል፤ ትንሽ ዝናብ ከብዙ ዝናብ የሚብሰው እዚህ ላይ ነው። ከዝናብ በኋላ አንድ የሠለጠነ ፈረስ በሶምሶማ አሳልፉና ዱካውን እዩ። ሰኮናው እስከ ፀጉሩ መነሻ ከሰጠመ ወይም ዱካው ተስቦ ረጅም ሆኖ ከታየ ግልቢያው ቀርቶ በእርምጃ የሚደረግ ሰልፍ ብቻ ይሁን።

ሐሩር

የሀገራችን ፈረስ ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ነው። በዕረፍት ቀን 15 ሊትር ያህል ውኃ ሲበቃው፣ በፀሐይና በግልቢያ ቀን እጥፉን ይፈልጋል። ለአንድ ፈረስ ለመጠጥ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ለማቀዝቀዣ ደግሞ ለየአሥሩ ፈረስ አንድ በርሜል አዘጋጁ። የፈረስ ላብ ከሰው ላብ ይልቅ ጨዋማ ነው። ብዙ ጨው የወጣለት ፈረስ ውኃ ጎድሎት እንኳ ጥማት ላይሰማው ይችላል። ከግልቢያ በኋላ ከገብሱ ጋር አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ጨው ስጡት፤ አሞሌም ካለ ይልስ። ውኃ አጠገቡ ከሌለ ግን ጨው አትስጡ።

ጤነኛ ፈረስ ባረፈበት ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ፣ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ28 እስከ 44፣ ትንፋሹ ከ8 እስከ 16 ነው። ምቱን በግራ ክርኑ ኋላ እጃችሁን አስጠግታችሁ 15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙ። ከግልቢያ በኋላ በ20 ደቂቃ ውስጥ ከ64 በታች ካልወረደ ያ ፈረስ ለዕለቱ በቅቶታል። ቴርሞሜትሩን በፊንጢጣ ስታስገቡ ጫፉን በክር ከጭራው ጋር እሰሩት። 40 ዲግሪ ካለፈ ወዲያው ማቀዝቀዝ ይጀመር፤ 41 የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ፦ ድዱ ይጠቁራል ወይም ይደርቃል፣ በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት ቀለሙ ከ2 ሰከንድ በላይ ይዘገያል፣ ይንገዳገዳል፣ ጎኑ ከልብ ምቱ ጋር አብሮ ይንዘፈዘፋል። ሙቀቱ ሳይወርድ ላቡ ከደረቀ በጣም የከፋው ነው።

ማቀዝቀዣው እንዲህ ነው፦

1. ኮርቻውን፣ ግላሱንና ጌጡን በሙሉ አውርዱ። ወፍራም ግላስ ሙቀቱን አምቆ ይይዛል።
2. ነፋስ ወዳለው ጥላ ውሰዱት።
3. ያገኛችሁትን እጅግ ቀዝቃዛ ውኃ በአንገቱ፣ በጀርባው፣ በታፋውና በእግሮቹ ላይ ሳታቋርጡ አፍስሱ። የምንጭ ውኃ ጥሩ ነው።
4. በየ10 ደቂቃው ሙቀቱን ለኩ፤ 39 ሲደርስ አቁሙ።

«ላብ ያለበት ፈረስ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ቢፈስስ ጡንቻው ይያዛል፣ ቢጠጣም ያመዋል» የሚባለው ብዙ ፈረስ አስጎድቷል፤ እውነት አይደለም። የጋለ ፈረስ ይጠጣ፣ ይፈስስበትም። እርጥብ ጨርቅ አልብሶ መተው ግን አይሠራም፤ ጨርቁ ቶሎ ይሞቅና ሙቀቱን ያፍናል። ሌላው አደገኛ ልማድ በጠርሙስ አስገድዶ ማጠጣት ነው፤ የደከመ ፈረስ መዋጥ ስለሚያቅተው ውኃው ሳንባው ውስጥ ይገባል። ራሱ የማይጠጣ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም በደም ሥሩ ይስጠው። ከደጋ ወደ ቆላ ወርዶ የሚወዳደር ፈረስ ካለ ከሁሉም አስቀድሞ የሚከታተለው ሰው ይመደብለት።

ሌሊቱና የመልስ መንገዱ

ከሩቅ የመጡ ፈረሶች በዋዜማውና በማግስቱ ደጅ ያድራሉ። ከኅዳር እስከ ጥር በደጋው ውርጭ ይወርዳል፤ የደረቀ ፈረስ ይቋቋመዋል፣ በላብ ወይም በዝናብ የራሰ ፈረስ ግን ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ በገለባ እሹት፣ ሲደርቅ ባና ወይም የበርኖስ ቁራጭ ጣሉበት። በእርጥብ ገላ ላይ የተጣለ ልብስ ብርዱን ያብሳል። ለሌሊቱ ከገብስ ይልቅ ድርቆሽ አብዙለት፤ ሳሩ ሆዱ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲፈጭ ሙቀት ይሰጠዋል። በብርድ ጠጥቶ የማያድር ፈረስ የሆድ ቁርጠት ስለሚያሰጋው ጠዋት ለብ ያለ ውኃ አቅርቡለት። በመስቀል ሰሞን ደግሞ ከረግረግ አርቃችሁ እሰሩት፤ የፈረስ በሽታ የምታስተላልፈው ጥቃቅን ነካሽ ዝንብ ከዝናብ በኋላ ትበዛለች፣ የምትነድፈውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው።

ዝናብ ከጣለ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ከሜዳው ሊብስ ይችላል። በቁርጭምጭሚት ልክ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ውኃ ሰው ይጥላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። በደፈረሰ ወንዝ ፈረስ ላይ ተቀምጦ መሻገር አይሞከር፤ የደጋ ወንዝ ደራሽ ዝናቡ ካቆመ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ይጎድላል። አዛዡ የእያንዳንዱን ቡድን መሪ ስልክ ይዞ፣ ወንዝ የሚሻገሩት ማዶ መድረሳቸውን እስኪያረጋግጥ ድረስ መዝገቡን አይዝጋ። ፈረሶቹ በማግስቱ ጭነትም ግልቢያም አይኑርባቸው፤ እግራቸው በእጅ ተዳስሶ የሞቀ ወይም ያበጠ ቦታ የተገኘበት ፈረስ በቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ በቀን ሁለት ጊዜ ይታጠብና ማነከሱ ካልቀረ ሐኪም ይየው።